ለእናቴ ደወል ያለው ሰዓት የትኛው ይሻላል? ከአሜሪካ የተላከላት ወደኋላ እየቀረ አስቸገረን

ሰላም_ከደብረብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ሰዓት የሚያውቅ ሰው ካለ ምክር ፈልጌ ነው።

እማዬ ደብረ ብርሃን ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ሰባ ዓመት አልፏታል። ለኪዳን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሳለች። ከዚህ የሚያስቀራት ነገር የለም፣ የደብረ ብርሃን ብርድም ቢሆን። ድሮ በእጅ የሚሞላ የቻይና ሰዓት ነበራት፤ ያቺ መሃሉ ላይ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ያለችበት። ሞላው ተበጥሶ ከቆመ ቆየ፣ የሚሠራውም አልተገኘም።

እህቴ ከሜሪላንድ በሰው እጅ ሌላ ላከችላት። ሶኬት ላይ የሚሰካ ነው፣ ቁጥሩ ቀይና ትልልቅ፤ አልጋዋ ላይ ሆና ያለ መነጽር ታነበዋለች። 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛንለት። ግን ከተሰካ ጀምሮ ወደኋላ ይቀራል። ትንሽ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ አስተካክላው ትተኛለች፣ ለ10 ሰዓት የሞላችው ደወል የሚጮኸው 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ትራንስፎርመሩን የሸጠልን ሰው «መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው፣ ስታቢላይዘር ጨምሩበት» አለን። እማዬ ደግሞ «የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ አርፍዶ መነሳት ለምዶ ነው» ትላለች። መብራት ሄዶ ሲመጣማ 12:00 ላይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ማለት ብቻ ነው።

እባካችሁ ስልክ አትበሉኝ። ስማርት ስልክ ገዝተንላታል። ሲጮህ ለማጥፋት ጣቷን ብትጎትት ብትጎትት አይሰማላትም፤ መነጽሯን ፈልጋ እስክታገኝ ግቢው በሙሉ ይነቃል። አንዳንዴ ደግሞ ሳታውቀው ድምፁን አጥፍታው ታድራለች።

የምፈልገው፦ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር የሚሄድ፣ መብራት ቢጠፋ የማይደነግጥ፣ የሚሰማ፣ በጨለማ የሚታይ። ስታቢላይዘሩን ልግዛ ወይስ ሌላ ሰዓት?

በዚያው ላይ ወንድሜ ከዕቃ መሃል አሮጌ ዲጂታል ዳያሪ (ስልክ ቁጥርና ማስታወሻ የሚመዘገብበት የኪስ መሣሪያ) አውጥቶ «የደም ግፊት መድኃኒቷን ሰዓት ያስታውሳት» እያለ ነው። እሱስ ይሆናል?

ናቲ_22

ስልክ አትበሉኝ ብለሻል፣ ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ብትገዢላትስ? ባትሪው ሳምንት ይቆያል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ የእጅ ባትሪም አለው። አያቴ በሱ ነው የምትነሳው። በዚህ ዘመን ሰዓት የሚገዛ ሰው አለ እንዴ?

ሰዓት_ሠሪው

አለ ወንድሜ ናቲ። ባይኖርማ እኔ ምን እበላ ነበር?

እህቴ ሰላም፣ ስታቢላይዘር አትግዢ። ዕድሜዬን ሰዓት ስሠራ ነው የኖርኩት፤ የነበርኩበት መስመር በ2016 እስኪፈርስ ድረስ ፒያሳ ነበርኩ፣ አሁን ቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። ከአሜሪካ የመጣ ሰዓት ይዞ፣ ትራንስፎርመሩንም አብሮ ተሸክሞ «ወደኋላ ይቀራል» የሚል ሰው የማይመጣበት ጊዜ የለም።

የሰዓቱ በሽታ ቮልት አይደለም። ሶኬት ላይ የሚሰካው ዓይነት አብዛኛው ጊዜን የሚለካበት የራሱ ነገር የለውም፤ ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ነው የሚቆጥረው። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኛ 50 ጊዜ። ሰዓቱ 60 ሲሞላለት «አንድ ሴኮንድ ሆነ» እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል። እኛ ጋ 60 እስኪሞላለት አንድ ሴኮንድ ከአንድ አምስተኛ ይፈጅበታል። ስለዚህ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ፣ በቀን 4 ሰዓት ይጎድለዋል። ትራንስፎርመር 220ውን 110 ያደርገዋል እንጂ 50ውን 60 አያደርገውም፤ ስታቢላይዘርም እንደዚያው። እስቲ አስቢው፦ ከማታው 2 እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ 8 ሰዓት ነው። የዚያ ሰዓት 8 ግን በእውነተኛው 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 11፡36 ላይ ይጮሃል። አንቺም የጻፍሽው ይህንኑ ነው። መብራት ዋዥቆ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ልክ አይመጣም ነበር።

ከጀርባው ወይም ከሥሩ 50/60 የሚል ማንሸራተቻ ካለው ወደ 50 አድርጊው፣ ተገላገልሽ። ከሌለው አንዳንዱ ተከፍቶ ቺፑ ላይ ይስተካከላል፤ ግን ውስጡ የግድግዳው መብራት ስላለ የማያውቅ ሰው እንዳይነካው። ቢስተካከልም ደግሞ መብራት ሲሄድ ያው ነው። ባለ 9 ቮልት ድንጋይ የሚገባበት ቦታ ያለው አለ፤ መብራት ሲጠፋ በዚያ ይቆያል፣ ነገር ግን ያን ጊዜ ቁጥሩ ይጠፋል፣ አቆጣጠሩም ግምት ነው። ረጅም ሌሊት ከጠፋ ደቂቃዎች ያዛንፋል።

ለእናትሽ የሚሆነው በአንድ የሪሞት ድንጋይ የሚሠራ፣ ክብ፣ ቆጣሪ ያለው የጠረጴዛ ሰዓት ነው። ውስጡ ኳርትዝ አለ፤ እሷ ጠጠር ራሷ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፣ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የላትም። ደህናው በወር ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይስትም። የኛን አቆጣጠር ለማድረግም ምንም ብልሃት አይጠይቅም፤ ቆጣሪውን በእኛ ሰዓት ላይ ማድረግ ብቻ ነው።

ግን ሱቅ ገብተሽ ቆንጆውን አንስተሽ እንዳትወጪ። ድንጋይ ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ አስገቢና ፈትኚው። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም ግድ የለሽም።

መጀመሪያ ደወሉ። ከላይ ሁለት ቃጭል፣ በመሃል ትንሽ መዶሻ ያለው ሰዓት ብዙ አለ። ከነሱ ውስጥ ደግሞ ቃጭሉ ለጌጥ ብቻ የሆነ ሞልቷል፤ ድምፁ የሚወጣው ከውስጥ ካለች ትንሽዬ ጢጥ ጢጥ ባይ ነው። የደወሉን ቆጣሪ እያዞርሽ አስጩኺው፣ መዶሻዋን ተመልከቺ። መዶሻዋ ቆማ ሰዓቱ ከጮኸ ተይው።

ሁለተኛ፣ ደወሉ በሰዓቱ መጮኹን እዪ። የደወሉን ቆጣሪ 10 ላይ አድርጊና ትልቁን ቆጣሪ ቀስ አድርገሽ ወደፊት እየነዳሽ የት ላይ እንደሚጮህ አስተውዪ። አምስት ደቂቃ ወዲህ ወዲያ ያለ ነው። ሃያ ደቂቃ የሚስት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለውን መልሺ። የደወሉን ማዞሪያ ከጀርባው ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ብቻ ነው የምታዞሪው፤ ወደኋላ ሲጎተት ጥርሱ ይበላሻል። ለጥገና ከሚመጡልኝ ግማሾቹ እንዲህ የተበላሹ ናቸው።

ሦስተኛ፣ በጨለማ ያበራል የተባለው ቀለም። ሱቁ መብራት ሥር ትንሽ አቆይተሽ በነጠላሽ ሸፍነሽ ብታዪው ሁሉም ያበራል፤ ያ አያታልልሽ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጠፍቷል። ስለዚህ ከላይ ወይም ከጎን ስትጫኚው አምፖል የሚያበራውን ምረጪ። አምፖሉ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለሚበራ ድንጋዩን አይጨርስም።

ድንጋይ የሚገባበትን ክዳን ክፈቺና ሞላዋን እዪ። ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ነገር ካለባት ሱቅ ውስጥ ድንጋይ ፈስሶበት የከረመ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ እንዲህ ያለው ሰዓት ቀንና ሌሊት አይለይም። ለሌሊቱ 10 የተሞላው ለቀኑ 10ም ይጮሃል። ጠዋት ማጥፊያውን መግፋት፣ ማታ ሲተኙ መልሶ ማንሳት ነው።

የማይን_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ጋሼ በነገሩን ላይ አንድ ልጨምር፤ ከዚህ የምትልኩ ሰዎች «ራሱን የሚያስተካክል» የሚባለውን የሬዲዮ ሰዓት እንዳትልኩ። እዚህ በጣም ይወደዳል። እኛ ጋ ቅርብ ማይንፍሊንገን ከሚባል ቦታ ዲሲኤፍ77 የተባለ ጣቢያ በ77.5 ኪሎኸርዝ ጊዜ ያሰራጫል፣ ሰዓቱ ሌሊት ሌሊት እሱን እየሰማ ይስተካከላል። የጣቢያው ድምፅ የሚደርሰው ግን ወደ 2000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ከ5000 በላይ ነው።

ለአማቴ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ድንጋይ ስናስገባበት ቆጣሪዎቹ ራሳቸው እየተሽከረከሩ 12 ላይ ሄደው ቆሙ። ጣቢያውን እየፈለገ ነው። እሳቸው ቁጭ ብለው ሲጠብቁት አመሹ፤ ባለሥልጣን የሚጠብቅ ሰው ይመስሉ ነበር። ከጀርባው በእጅ ማስተካከያ ቁልፍ ስለነበረው ዳነ። አሁን እንደ ተራ ሰዓት ይሠራል፣ ማለትም ለከንቱ ነው ያን ያህል የከፈልኩበት።

ሰላም_ከደብረብርሃን

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የ11፡36ቱን ሳነብ ጮኼያለሁ፤ ለእህቴም ላክሁላት። ከሥሩ ማንሸራተቻ ፈልጌ አጣሁ፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። በድንጋይ የሚሠራ ዲጂታልም አይቻለሁ፤ ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ሙቀትም ያሳያል፣ ሲናገሩት ይበራል ይላል። ለእኛ አቆጣጠር ማድረግ ይቻላል ወይ? የዳያሪውንም አልነገሩኝም።

ሰዓት_ሠሪው

ይቻላል። ቀኑን በኤኤም፣ ማታና ሌሊቱን በፒኤም አድርጊው። የጠዋቱ 3 ሰዓት 3፡00 ኤኤም፣ የማታው 3 ሰዓት 3፡00 ፒኤም። ያን ጊዜ የሌሊቱ 10 ሰዓት 10፡00 ፒኤም ይሆናል፤ ለዚያ የተሞላ ደወል ቀን አይጮህም። በ24 ከሆነ 22፡00 ነው። ብዙ ሰው መሃል ላይ የሚሳሳተው ሰዓቱን በእኛ አድርጎ ኤኤም ፒኤሙን በፈረንጅ ሲተወው ነው። ቀኑንና ወሩን አትንኪው፣ ጳጉሜን የሚያውቅ ሰዓት አላየሁም።

ይሁን እንጂ ለእናትሽ አልመክረውም። ሲናገሩት የሚበራው በድንጋይ ሲሆን ሌላ ጊዜ ጨለማ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲበራ ሶኬት ይፈልጋል፤ ሶኬት ከፈለገ ወደጀመርንበት ተመለስን። ቁልፎቹም ከጀርባ አራት አምስት ጥቃቅን ናቸው፣ አንዱ ሦስት ሥራ ይሠራል። ሳያውቁ አንዱን የነኩ ዕለት ሰው እስኪመጣላቸው ድረስ ሰዓቱ ተበላሽቶ ይቆያል።

ዳያሪውማ። የመርካቶ ነጋዴ በደረት ኪሱ ይዞት የሚዞርበት ጊዜ ነበር፤ ስልክ ቁጥርና የዱቤ ሒሳብ ይመዘግቡበት ነበር፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፉ። እኔ ጋ የሚመጣው ድንጋዩ ያለቀ ዕለት ነው፣ ባለቤቱ ላብ ላብ ብሎት። በነዚህ ላይ የተጻፈው የሚኖረው ኃይል እስካለ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የመጀመሪያው ፓልም ፓይለት የተባለው የኪስ ኮምፒውተር እንኳ ሁለት ቀጫጭን ድንጋይ ነው የሚበላው፤ ሲቀየርለት ለደቂቃ ያህል ብቻ ይታገሣል፣ ከዚያ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ባለ ሳንቲም ባትሪ ዳያሪዎቹ ብዙዎቹ ዋናና መጠባበቂያ አላቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያወጣ ሰው ዕዳውን ሁሉ ሰረዘ ማለት ነው። አንዳንዱ ተበዳሪ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ለባለቤቱ ባትሪ እቀይርልሃለሁ ይል ነበር።

ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚያውቁበት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የወንድምሽ ዳያሪ ከዚያ በፊት የተሠራ ይመስለኛል፣ በኋላም ቢሆን አማርኛ የሚያሳይ እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም። እናትሽ የማያነቡትን ጽሑፍ ይዞ ጢጥ ቢል ምን ይጠቅማቸዋል? ድምፁም ከኪስ አይወጣም። ወንድምሽ ለራሱ ማስታወሻ ያስቀምጠው።

ሲስተር_ጂ

የጋሼን ምክር በጆሮ በኩል ላጠናክረው። ነርስ ነኝ። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ነው። ስለዚህ «ጢጥ ጢጥ» የሚለው የዲጂታል ደወል ለአንቺ ጆሮ የሚሰነጥቅ ሆኖ ሳለ እናትሽ በእንቅልፋቸው ላይሰሙት ይችላሉ። ይህ ግምት አይደለም፤ በአሜሪካ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደንብ ለመኝታ ክፍሎች ወፈር ያለውን የ520 ኸርዝ ድምፅ የሚያዝዘው ሰው በሱ የተሻለ ስለሚነቃ ነው። መዶሻ ያለው ቃጭል ሲመታ ወፍራምም ቀጭንም ድምፅ አብሮ ስለሚወጣ ይሻላል። ጆሯቸው በጣም ከደከመ ደግሞ ትራስ ሥር የሚደረግና የሚንቀጠቀጥ አለ፤ እዚህ አገር ማግኘቱ ግን ይከብዳል።

ስለ መድኃኒቱ፣ በቀን አንዴ ከሆነ የሚወሰደው ሰዓቱን ራሳችሁ አትቀይሩ፣ ያዘዘላቸውን ሐኪም ጠይቂ። የቀኑ 10 ሰዓት ይሁን ካለሽ ግን ጋሼ ጉድለቱ ብለው የነገሩሽ ነገር ይጠቅምሻል፤ ሰዓቱ ራሱ በቀን ሁለቴ ይጮህላቸዋል፣ ለኪዳንና ለመድኃኒት። ማጥፊያውን ጠዋት ገፍተው እንዳይተዉት ብቻ ማስለመድ ነው።

ናቲ_22

ሲስተር፣ ይሄ ብልሃት ነው። እኔ ግን አሁንም ባለ ቁልፍ ስልክ እላለሁ።

ሰላም_ከደብረብርሃን

መርካቶ ሄጄ ገዛሁ። ባለሱቁ ድንጋይ አውጥቼ መፈተን ስጀምር «እህት፣ መኪና ነው እንዴ የምትገዢው?» አለኝ። መጀመሪያ ያነሳሁት የሚያምር ወርቃማ ነበር፤ ሲጮህ መዶሻዋ ንቅንቅ አላለችም። ሁለተኛው መዶሻዋ ትመታለች፣ ግን 10 ላይ ሞልቼው 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የጮኸው። የያዝኩት ጥቁር ነው፣ መልኩ የማይማርክ፣ ከጀርባው ተጭነውት አምፖል የሚበራ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ሦስት ደቂቃ ገደማ ቀድሞ የሚጮህ። እማዬ ቀድሞ መጮኹን ወዳዋለች፤ ነጠላ እስክትለብስ ይሆናል ትላለች። ሐኪሟን ቅዳሜ ስንሄድ ስለ 10 ሰዓቱ እጠይቃለሁ።

ቴክ ቴክ የሚለው ድምፅ ግን ይሰማል። እሷ አልረበሻትም፣ እኔ አጠገቧ ሳድር እንቅልፍ ነሳኝ። ይቀንሳል?

ሌላው፣ ድንጋዩ ርካሹ ነው ወይስ ውዱ የሚሻለው?

ሰዓት_ሠሪው

ድምፁ አይቀንስም፤ የሴኮንዷ ቆጣሪ በየሴኮንዱ ስለምትዘል ነው። ሳታቋርጥ የምትንሸራተት ዓይነት አለች፣ እሷ ጸጥ ትላለች። ላንቺ ሲባል ግን የተፈተነ ሰዓት አይቀየርም። ሰዓቱ የቆመበት ሥር የተጣጠፈ ጨርቅ አድርጊ፤ ባዶ ኮመዲኖ ድምፁን ያጎላዋል። ሲስተር ያሉትን አትርሺ፣ ጨርቁ ቃጭሉን እንዳይነካ።

ድንጋዩን በተመለከተ፣ ሰዓት የሚበላው ጥቂት ነው፤ ርካሹም ረጅም ጊዜ ይሠራል። ችግሩ ርካሹ ሲያልቅ ያፈስሳል፣ ማሽኑንም ይዞ ይሞታል። አልካላይን የሚለውን ግዢ፤ እሱም ሞቶ ከተተወ ስለሚያፈስስ፣ ባያልቅም በዓመት አንዴ ለእንቁጣጣሽ ስትሄጂ ቀይሪላቸው። ያወጣሽውን ሪሞት ውስጥ ትጨርሺዋለሽ። ከመግዛትሽ በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት እዪ፣ በፈረንጅ ነው የተጻፈው፤ ጊዜው ያለፈበት እየተሸጠ ነው።